ዘጠነኛው ብልቃጥ

መስከረም 18

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ፦

በእርስዎና በእትዬ ቤት ጤና እንዲሰፍን፣ በረትዎም እንዳይጎድል ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ ባለሁበት ደህና መሆኔን በአክብሮት አስታውቃለሁ።

እስካሁን ጉዳያችን ሁሉ በአባቴ በኩል ሲያልፍ ስለቆየ በቀጥታ ስጽፍልዎ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የአባቴ የአጎት ልጅ ነዎትና ቀደም ብዬ መጻፍ ይገባኝ ነበር፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሥጋ ቤትዎ ቆሜ ሲበልቱ ያየሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። ቢላዎ አጥንት ሳይነካ መገጣጠሚያውን ሲያገኝ አይቼ፣ ሰውነት በውስጡ የተሰመረ መስመር እንዳለው የገባኝ ያኔ ይመስለኛል። የዛሬው ሥራዬ ከዚያ ጀመረ ማለት ይቻል ይሆናል፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

የላኩልኝ አሥራ ሁለት የሥጋ ናሙና ብልቃጦች ትናንት ደርሰዋል። አንዱም አልፈሰሰም፤ ቁጥሮቹም አልደበዘዙም። ከአንድ እስከ ስድስት ያሉት ከሌሎች ኮርማዎች የተወለዱ ወይፈኖች፣ ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ያሉት ደግሞ እርስዎ «ዳኛው» የሚሉት ኮርማ ልጆች መሆናቸውን አብሮ ከመጣው ቅጽ አይቻለሁ። «ሽንጥ፣ ከመጨረሻው ጎድን ጀርባ» በሚለው አንጻር በአሥራ ሁለቱም ላይ ምልክት አድርገዋል። ለጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ፤ ሥራው በሙሉ የሚቆመው በዚያ ምልክት ላይ ነው።

የምፈልገውን ባጭሩ ላስረዳ። አንድ ከብት ከጆሮው እስከ ጅራቱ የሚሸከመው ዘረመል አንድ ነው። ሥጋው ግን አንድ አይደለም። በአንዱ ጡንቻ ቀይና ዝግተኛ ክር ይበዛል፤ በሌላው ነጭና ፈጣን ክር። ልዩነቱ የሚመጣው የትኛው ዘረመል ይንቃ፣ የትኛው ይተኛ ከሚለው ቁጥጥር ነው። ኮርማ ይህን ቁጥጥር ለልጆቹ ያወርሳል ወይ? ጥያቄዬ ይህ ነው።

ከዚህ ላኪልኝ የሚሉት ነገር ካለ ያለ ይሉኝታ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ

·

ጥቅምት 7

ይድረስ ለልጄ፣ ለዶክተሯ፦

እንደምን ከርመሻል? ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ደህና ነሽ ወይ? እኛ ከጉልበቴ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ያሰብሽው ይሙላልሽ፣ የያዝሽው ይባረክልሽ።

ደብዳቤሽ ሲመጣ «ይድረስ ለተከበሩ» የሚለውን ብቻ አንብቤ መልሼ አጠፍኩት። የግብር ቢሮ መስሎኝ ነው! እትዬሽ ናት «አንተ ደግሞ፣ የማን ስም እንዳለበት እይ እንጂ» ብላ ያስከፈተችኝ። ሁለተኛ እንደዚህ አታስደንግጪኝ። ጋሼ ይበቃል።

ክር ያልሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ሥጋን በጣቴ ነው የማውቀው። ተጭኜው ቶሎ ከተመለሰ ወጣት ነው፤ ጣቴን ካስቀረው ያረጀ ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ክር እንዳለበት አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም።

ስለ ዳኛው ግን ልንገርሽ። የማኅበራችን ኮርማ ነው፤ አሥራ አንድ አርቢዎች በጋራ የገዛነው፣ በእኔ በረት ከጥጃነቱ ያደገ። ዳኛው ያልኩት ምንም ነገር ሳያደርግ በፊት ቆሞ አይቶ አይቶ ስለሆነ ነው። በሩን ስትከፍቺለት እንኳ ወዲያው አይወጣም፤ ክርክሩን ሰምቶ ነው የሚወጣው። ልጆቹ ደግሞ ለጉድ ናቸው። ደንበኞቼ ሥጋቸውን ከመታረዳቸው ሁለት ሳምንት ቀድመው ነው የሚይዙት። በየካቲት መጨረሻ ማኅበሩ ለሚመጡት ዓመታት የሁላችንንም ላሞች የሚያጠቃውን ኮርማ ይመርጣል። አንቺ ስለ እሱ የምትጽፊው ነገር ክብር ይሆነናል፤ ከቤታችን የወጣች ምሁር ስለ ቤታችን ኮርማ!

ቅጹን እንዳዘዝሽው ሞልቻለሁ።

ላኪልኝ ካልሽ አንድ ጥሩ ሞረድ ላኪልኝ። የእኔው ተበልቶ ማንኪያ ሆኗል።

ጋሼሽ

·

ኅዳር 2

ውድ ጋሼ፦

ለእርስዎ፣ ለእትዬና ለቤቱ ሁሉ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስ። ጉልበትዎን ሐኪም እንዲያዩት እለምናለሁ። ሞረዱን በዚህ ሳምንት ልኬያለሁ።

የምሠራው ምድር ቤት ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፤ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሁለት የሚያጓሩ ማቀዝቀዣዎችና ሲሽከረከር የሚያፏጭ ማሽን አለ። ልማዴ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ለክቼ ከሦስቱ በኋላ መናገር ነው። አሁን የምጽፍልዎ የአንድ ዙር ልኬት ነው። በጉጉት እንደሚጠብቁ አባቴ ስለነገረኝ ብቻ ከልማዴ ወጥቻለሁ፤ እባክዎ ጊዜያዊ አድርገው ይውሰዱት።

ከሌሎቹ ኮርማዎች የተወለዱት ስድስቱ በሽንጣቸው ከመቶ ሃያ ያህል ዝግተኛ ቀይ ክር አላቸው። የዳኛው ልጆች ግን በአማካይ ወደ አርባ ይጠጋሉ፤ እጥፍ ያህል ማለት ነው። ምናልባት አባታቸው በቁጥጥሩ ላይ ለየት ያለ ነገር አውርሷቸው ይሆናል። በጠቅላላው እንዲህ ያለ ሥጋ ቀለሙ ቶሎ ይጠቁራል፤ ክሩም ቀጭን ስለሆነ ከብቱ ሥጋ ለመሸከም ሊዘገይ ይችላል። ስለ እነዚህ ስድስት ወይፈኖች ግን እንዲህ ነው ብዬ መናገር አልችልም።

ያረዷቸው እርስዎ ነዎትና ዓይንዎ ምን አየ? ቢጽፉልኝ ይጠቅመኛል።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ

·

ኅዳር 26

ይድረስ ለልጄ፦

ሰላምታዬ እንዳለ ሆኖ፣ ግራ ገብቶኛል። ግራ የገባው ሰው ደግሞ ሰላምታ ያሳጥራል፤ ይቅር በይኝ።

ደብዳቤሽ በደረሰ ቀን የማኅበሩ ስብሰባ ነበር። ኮራሁና ይዤው ሄድኩ። ጸሐፊያችን ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ መነጽሩን ወልውሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «ሊዘገይ ይችላል» የሚለው ጋ ሲደርስ ሊቀመንበራችን አስቆመችው። የወተት ነጋዴ ናት፤ ወሬ አታበዛም።

«ዝግተኛ ማለት ሰነፍ ማለት ነው?» አለች።

«ክሩ ነው እንጂ ኮርማው አይደለም» አልኩ።

«ክሩ ሰነፍ ከሆነ ባለክሩ ምን ሊሆን ነው?»

ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ።

«ጊዜያዊ ይላል እኮ» አለ ጸሐፊው በደግነት።

«ጊዜያዊ የተባለ ነገር ሲነሳ አይተህ ታውቃለህ?» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሥጋ ገዢው ነጋዴ የሚጠቁር ሥጋ አልወስድም ብሎ ፈርሞልናል። አንተ ደግሞ የሚያጠቁረውን አባት በላሞቻችን ላይ ልትለቅ ነው?»

ልጄ፣ እኔ ሙገሳ ይዤ የሄድኩ መስሎኝ ክስ ይዤ ነው የሄድኩት። የማኅበራችንን ደንብ አታውቂም። የተጣለ ኮርማ ለሌላ አርቢ አይሸጥም፤ ጉድለቱ ወደ ሰው በረት እንዳይሻገር ይታረዳል። የሚያርደውም ያሳደገው ነው። የካቲት 29 ቀን ድምፅ ይሰጣል።

ዓይንህ ምን አየ ብለሽኛል። ዓይኔ ያየው ሽንጣቸው እንደ ጽጌረዳ መሆኑን ነው። አሁን ግን ዓይኔን ማመን ትቻለሁ። አንቺ ማሽን አለሽ፣ እኔ ጣት አለኝ። ማናችን ነን የተሳሳትነው?

ከእንግዲህ ሞረድ አልጠይቅሽም። ማኅተም ያለበት ወረቀት ላኪልኝ፤ «ኮርማው ደህና ነው» የሚል።

ጋሼሽ

·

ታኅሣሥ 15

ውድ ጋሼ፦

ጤናዎን እየተመኘሁ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

ያ ደብዳቤ በስብሰባ እንዲነበብ አልተጻፈም። ይህን አስቀድሜ አለመናገሬ የእኔ ጉድለት ነው። «ደህና ነው» የሚል ወረቀት መጻፍ አልችልም፤ «ደህና አይደለም» የሚልም እንዲሁ። የማላውቀውን ነገር ማኅተም አውቆት አያውቅም።

ልኬቱን ደግሜያለሁ፤ ቁጥሩ ያው ነው። አሁን ግን ሌላ ነገር ታይቶኛል። ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ያሉት ስድስቱም የአንድ አባት ልጆች መሆናቸውን ዘረመላቸው ያለ ጥርጥር ያሳያል። ከስድስቱ አምስቱ ዝግተኛ ክራቸው ከአርባ በላይ ነው። ዘጠነኛው ግን ሃያ ሁለት ነው። ወንድሞቹን ትቶ ባዕዶቹን ይመስላል። የአባቱን ዘረመል ግን ልክ እንደ ወንድሞቹ ተሸክሟል፤ የተለየ ይሆናል ብዬ የጠረጠርኩትን የቁጥጥር ቦታ ሳይቀር። ውርሱ አንድ ከሆነ ፍሬው ለምን ተለያየ? ሁለት ሳምንት ሙሉ ይህንን ሳገላብጥ ሰነበትኩ፤ ምንም አልገባኝም።

ስለዚህ የሚከተሉትን በትክክል እንዲመልሱልኝ እለምናለሁ፦

ሀ. አሥራ ሁለቱም ናሙናዎች ከአንድ ቦታ፣ ከሽንጥ ተወስደዋል?

ለ. ዘጠነኛውን ወይፈን ያረዱበት ቀን ከሌሎቹ በምን ይለያል?

ሐ. ከእርስዎ ሌላ ብልቃጦቹን የነካ ሰው ነበር?

ይህን የምጠይቀው እርስዎን ተጠራጥሬ አይደለም። ራሴን ተጠራጥሬ ነው።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ

·

ጥር 12

ይድረስ ለልጄ፦

እንደምን አለሽልኝ? ሞረዱ ደርሶኛል፤ እጅሽን አይንሳኝ። ቢላዬ አሁን ወረቀት በአየር ላይ ይቆርጣል።

ጉልበቴ ያው ነው። የማቀዝቀዣ ክፍሉ ሞተር ደግሞ ተቃጥሎ ሦስት ቀን ስንሯሯጥ ከረምን፤ ጠጋኙ መጣና «ፋኑ ነው» አለኝ። «የየትኛው ቡድን ፋን?» ብለው ሳቀብኝ። ማራገቢያውን ማለቱ ነው አሉ። እትዬሽ የግድግዳውን ሴራሚክ አሳጥባ እንደ መስታወት አስወለወለችው፤ አሁን ሰው ሲገባ ራሱን አይቶ ፀጉሩን ያስተካክላል።

ዳኛው ደህና ነው። ትናንት በሩን ብከፍትለት ቆሞ አየኝ። ከወትሮው ይልቅ ረዘም አድርጎ ያየኝ መሰለኝ፤ መስሎኝም ይሆናል።

የሥጋውን ነገር በቅጹ ላይ ሞልቻለሁ። ቅጹ ላይ ያለው ያው ነው።

እግዜር ይጠብቅሽ። ብርድ እንዳይመታሽ ደረትሽን ሸፍኚ።

ጋሼሽ

·

ጥር 30

ውድ ጋሼ፦

የጥር 12 ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለ ሞተሩ፣ ስለ ሴራሚኩና ስለ ደረቴ አንብቤያለሁ። ከሦስቱ ጥያቄዎቼ ለአንዱም መልስ አላገኘሁም።

ወደ ሥጋ ቤቱ አራት ጊዜ ደወልኩ። ይጠራል፤ የሚያነሳ የለም። በሥራ ሰዓት ነው የደወልኩት።

ቅር እንዳይሰኙብኝ እየፈራሁ አንድ ነገር ላስታውቅ። ጡንቻ የተነሳበትን ቦታ አይረሳም። ከብቱ ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ «አንተ የጀርባ ነህ፣ አንተ የእግር ነህ» ብለው የሚመድቡ ዘረመሎች አሉ። ከብቱ አድጎ፣ ታርዶ፣ ሥጋው በብልቃጥ ከተቀመጠ በኋላም የዚያ ምደባ ምልክት ይነበባል። አሥራ ሁለቱን ብልቃጦች በዚህ መንገድ ልመረምራቸው ነው። ውጤቱን ሦስት ጊዜ ሳልደግም ለማንም አልጽፍም። ባለፈው ከዚህ ደንብ ወጥቼ ያመጣሁትን አይተናል።

ከዚያ በፊት ግን ከእርስዎ ብሰማው እመርጣለሁ።

የወንድምዎ ልጅ

·

የካቲት 16

ልጄ፦

ይህን በፈጣኑ ፖስታ ነው የምልከው። ስልኩ ሲጮህ አንቺ መሆንሽን አውቅ ነበር። ድምፅሽን ከሰማሁ እዋሻለሁ ብዬ ነው ያላነሳሁት። በወረቀት መዋሸት እኮ ቀላል ነው ብለሽ ይሆናል፤ ነው። ዋሽቻለሁ፣ በቅጽ ላይ፣ በምልክት።

እንዲህ ነው ነገሩ። የዳኛው ልጆች ሽንጥ ቀድሞ የተያዘ ነበር፤ ነግሬሽ ነበር። በእኔ ቤት የተያዘ ሽንጥ ሙሉውን ይወጣል፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ታስሮ። ቢላ የነካው ሽንጥ ለደንበኛ አይሰጥም፤ «ለማን ቀምሰህ ነው ለእኔ የሰጠኸኝ» ይሉኛል። በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን አላደረግኩትም። አንቺ ደግሞ የባቄላ ፍሬ ታህል ነው የፈለግሽው። ያው ከአንድ ከብት አይደለም? ብዬ ከወርቹ፣ ከፊት እግሩ ቆረጥኩልሽ። የሌሎቹን ወይፈኖች ሽንጥ ማንም ስላልያዘው እንዳዘዝሽው ከሽንጥ ወሰድኩ። ዘጠነኛውን የያዘው ሰው ታሞ ስለቀረ የእሱ ሽንጥ በእጄ ቆየ፤ ከእሱም ወሰድኩ። ይኸው ነው ምሥጢሩ። አንቺ ሁለት ሳምንት የደከምሽበት የአንድ ሰው ትኩሳት ነው።

ትናንት ማኅበሩ ሲሰበሰብ ተነስቼ ይህንኑ ተናገርኩ። ስጨርስ ማን ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ሊቀመንበሯ በሐዘኔታ ነው ያየችኝ።

«ኮርማህን እንደምትወደው እናውቃለን» አለች።

«ውሸታም ነኝ እያልኳችሁ ነው!»

«አሁን ነው ወይስ ያኔ?»

ጸሐፊው ጆሮዬ ሥር መጥቶ «ዋሽቶ ማስታረቅ ያለ ነው፤ ይገባኛል» አለኝ። ዋሽቶ ማስታረቅ እንጂ ዋሽቶ ማሳረድ መቼ ሰምቶ ያውቃል? እውነቱን ስናገር ማንም አላመነኝም፤ ስዋሽ ግን ማኅተም ሳይጠይቁ አመኑኝ።

አሁን የምለምንሽ «ደህና ነው» የሚል ወረቀት አይደለም። ሥጋው የቦታውን ምልክት ይይዛል ብለሽኛልና «ከወርች ነው» የሚል ወረቀት ላኪልኝ። የካቲት 29ን አትርሺ።

ጋሼሽ

·

የካቲት 26

ውድ ጋሼ፦

ደብዳቤዎ በፈጣኑ ፖስታ አሥር ቀን ፈጅቶ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ከዚህ ጋር የተፈረመና ማኅተም ያለበት ወረቀት አያይዣለሁ። ሰባተኛው፣ ስምንተኛው፣ አሥረኛው፣ አሥራ አንደኛውና አሥራ ሁለተኛው ብልቃጥ የፊት እግር ምልክት ይዘዋል። ዘጠነኛውና ከአንድ እስከ ስድስት ያሉት የጀርባ ምልክት ይዘዋል። የተናገሩት ሁሉ አንድ በአንድ ተረጋግጧል።

አሁን የእኔን ልናገር። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት የካቲት 7 ቀን ነው። ሁለተኛው ዙር የካቲት 15 ቀን አለቀ። ሦስተኛውን ጠበቅኩ። ሦስተኛው ትናንት አለቀ። አሥራ ዘጠኝ ቀን በመሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬ «ገና አልተረጋገጠም» እያልኩ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። ከእርስዎ ብሰማው ይሻላል ብዬ መጠበቄም አለበት፤ ያ ጨዋነት ይሁን ኩራት ለይቼ አላውቀውም።

ለጸሐፊው ዛሬ ደውዬ ውጤቱን በቃል ነገርኳቸው። በትሕትና አዳመጡኝና «ልጄ፣ የስልክ ድምፅ አይፈረምበትም» አሉኝ። እርስዎ ጋ ደወልኩ። የተያዘ ነበር። ደግሜ ደወልኩ። የተያዘ ነበር።

ፈጣኑ ፖስታ አራት ቀን ይፈጃል ይላሉ፤ ሦስት ሊሆንም ይችላል ይላሉ። በሦስት ቀን ከደረሰ ይደርሳል።

የወንድምዎ ልጅ

·

መጋቢት 6

ይድረስ ለልጄ፦

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ወረቀትሽ የደረሰው መጋቢት 2 ቀን ነው። ድምፁ በ29 ተሰጠ፤ ሰባት ለአራት። በማግስቱ አረድኩት።

እስከ እኩለ ቀን አቆየሁት። ፖስተኛው በአራት ሰዓት ነው የሚመጣው፤ መጣ፣ የመብራት ደረሰኝ ሰጠኝና ሄደ። ከዚያ በሩን ከፈትኩ። ያው እንደ ልማዱ ቆሞ አየ። አልቸኮልኩበትም። ስንት ሰዓት እንደቆምን አላውቅም። በኋላ በራሱ ወጣ።

ወረቀትሽን በደረሰበት ዕለት ለማኅበሩ ሰጠሁ፤ ሊቀመንበሯ መጋቢት 3 ቀን ይዛው ሱቅ መጣች። ከመደርደሪያው ወዲያ ቆመች፤ እኔ ወዲህ።

«እውነትህን ነበር» አለች።

«ስለ እሱስ ምን ይላል?»

«ስለ እሱ ምንም አይልም። ሁለቴ አነበብኩት።» ወረቀቱን መደርደሪያው ላይ አኖረችና «ይቅርታ ብጠይቅስ?» አለችኝ።

«እኔን ነው ወይስ እሱን?» አልኳት። ክፉ ነገር ተናገርኩ፤ እሷም ምኗ ነው ጥፋቷ፤ የሰጠኋትን ወረቀት ነው ያመነችው።

አሁን የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። ሽንጡን ከፈትኩና አየሁት። ሠላሳ ዓመት ሥጋ ያየሁ ሰው፣ ቀይ ይሁን ነጭ፣ ይጥቆር ይንጣ መለየት አቃተኝ። መብራት ሥር ወሰድኩት፤ ደጅ አወጣሁት፤ በጣቴ ተጫንኩት። ጣቴ ምንም አልነገረኝም። ዓይኔ ነው ወይስ ሥጋው? ብልቃጥ ቢኖረኝ ልኬልሽ ነበር፤ አልነበረኝም።

አንድ ቃል ብቻ ንገሪኝ፤ ማብራሪያ አልፈልግም። ደህና ነበር ወይስ አልነበረም? አልነበረም ካልሽኝ እፎይ እላለሁ። ነበር ካልሽኝም ልቅሶዬን አውቄ አለቅሳለሁ። ሁለቱም ይሻለኛል።

ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሦስት ጊደሮች ከእሱ የተወለዱ በረቴ ውስጥ አሉ። ደንቡ በእነሱም ላይ ይሠራል፤ ይታረዱ ነው የሚለው። ሊቀመንበሯ ግን «በእነሱ ላይ አንወስንም፤ አንተ ወስን» ብላኝ ሄደች። እኔ አባታቸውን በቅጽ ያስፈረድኩ ሰው፣ በእነሱ ላይ ምን አፍ አለኝ?

ጋሼሽ

·

መጋቢት 24

ጋሼ፦

ሰላምታዬንና መልካም ምኞቴን ለእትዬ ያድርሱልኝ። ለእርስዎ ምን ብዬ እንደምመኝ ስላጣሁ ትቼዋለሁ።

የጠየቁኝ አንድ ቃል ነው። ቃሉ «አላውቅም» ነው።

ማብራሪያ አልፈልግም ብለዋል፤ እኔ ግን ያለ ማብራሪያ የተናገርኩት አንድ ነገር ምን እንዳመጣ ስላየሁ ይታገሱኝ። ስለ ዳኛው የሚናገር ትክክለኛ ሥጋ በእጄ ያለው ዘጠነኛው ብልቃጥ ብቻ ነው። እሱ ሃያ ሁለት ይላል። ሃያ ሁለት ከባዕዶቹ ጋር ይመሳሰላል። ይህ «ደህና ነበር» ማለት አይደለም፤ አንድ ልጅ ስለ አባቱ ብቻውን አይመሰክርም። ያ የተለየ ነው ያልኩት የቁጥጥር ቦታ በስድስቱም ላይ አለ፤ ግን ሥራ ይኑረው አይኑረው የማውቅበት መንገድ የለኝም። ምናልባት ምንም አይሠራም። ምናልባት በሽንጥ ላይ ተኝቶ በወርች ላይ ይነቃል። የወርቹን ልኬት የማስተያየው ደግሞ ከየትኛው ባዕድ ወርች ጋር ነው? የለኝም። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ ጣትዎም አልተሳሳተም። ሁለታችንም የምናውቀውን ጥያቄ ትተን የማናውቀውን መለስን።

ለአስተማሪዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የቅጹንም፣ የመሳቢያውንም። የዳኛው ምዕራፍ ከጥናቴ ወጥቷል። ሰባት ገጽ ነበር።

እርስዎ ምልክት ያደረጉት ቅጽ እኔ ያዘጋጀሁት ነው። በዚያ ቅጽ ላይ «ከዚህ ቦታ መውሰድ ባይችሉ ከየት ወሰዱ?» የሚል ክፍት ቦታ አልነበረም። አንድ ባዶ መስመር ብቻ ይበቃ ነበር። ሥጋ ቤት ውስጥ ሥጋ እንደሚሸጥ አላሰብኩም።

ስለ ጊደሮቹ። አይረዷቸው።

ምክንያት ብሰጥዎ ደስ ይለኝ ነበር። የለኝም። አልለካኋቸውም፤ አላየኋቸውም፤ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም። ከአባታቸው ምን እንደወረሱ፣ የወረሱት ነገር ይንቃ ይተኛ፣ አላውቅም። በሕይወቴ ያለ ማስረጃ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ቢኖር ይህ ነው፣ ማኅተምም የለውም። ማኅበሩ ቢጠይቅዎት አውጥተው ያንብቡላቸው። ወደ ግራ ይሳቁ ወደ ቀኝ፣ እንዳሻቸው።

በየሳምንቱ እሑድ ጠዋት፣ ሱቁ ሳይከፈት በፊት እደውላለሁ። ቢያነሱልኝ ስለ ሥጋ አልጠይቅዎትም።

የወንድምዎ ልጅ